ጉራማይሌ ቤት



ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ቃኘ። ዓይኑን ከቀርከሃ ወንበሩ ወደ ፈረስ ኮርቻው፣ ከኮርቻው ወደ አሮጌው ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ወደ ጭቃ ግድግዳው ሲያመላልስ ቆየና «አንተ፣ ቤትህ ጉራማይሌ ነው እኮ!» አለኝ። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ሙገሳ እንዳልነበረ ግን ድምፁ ያስታውቅ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ቡና ጠጥተን፣ ስለ ወር መጨረሻ ሒሳብ አውርተን ሸኘሁት። ማታ ብቻዬን ስቀር ግን ቃሉ ተመልሶ መጣብኝ።

ጉራማይሌ። ዛሬ ዛሬ ይህን ቃል የምንሰማው ለወቀሳ ነው። አማርኛውን ከእንግሊዝኛ የሚቀላቅል ሰው ንግግሩ ጉራማይሌ ይባላል፤ ወጥነት የጎደለው ነገር ሁሉ ይኸው ስም ይለጠፍበታል። ቃሉ ግን ከመወቀሻነቱ በፊት የጌጥ ስም ነበር። ሴት አያቴ ድዷን ጉራማይሌ ተነቅሳ ነበር። ስትስቅ ጥቁሩና ቀዩ ተራ በተራ ይታያሉ፤ በዚያ ላይ የጥርሷ ንጣት ይጨመራል። ድዷ በሙሉ ጥቁር ቢሆን ጥቁሩ ባልተለየ፣ በሙሉ ቀይ ቢሆንም ማንም ልብ ባላለው ነበር። ውበቱ የነበረው በመፈራረቁ ላይ ነው። ያኔ በመንደራችን ጉራማይሌ የተባለች ሴት ተመሰገነች እንጂ አልተሰደበችም።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ቤት ነው። በአሮጌ ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል የተከራየ ሰው ቤቱን በምን ይሙላው? ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ ከአንድ መደብር የተገዛ መሆን አለበት ወይስ ልዩ ልዩ ዘመንና አገር የወለዳቸው ዕቃዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተስማምተው ማደር ይችላሉ? ጉዳዩ የባለጸጎች ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን ደመወዜን ከወር ወር የማብቃቃ የባንክ ጸሐፊ ስሆን ጥያቄው ካሰብሁት በላይ ጥልቅ ሆኖብኛል።

* * *

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የመጣሁት በሥራ ዝውውር ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለእኔ ግን ከእናቴ ቤት መውጣት ማለት ነበር። የተከራየሁት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አንድ ነጋዴ ያሠራውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነበር። ምሰሶዎቹ የሐበሻ ጥድ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወደ ላይ የሚያስወጣው የእንጨት ደረጃ ገና ስትረግጠው ስምህን የሚጠራ ይመስላል። የእኔ ድርሻ ከላይ ሁለት ክፍል ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛ ልማድ ለክቼዋለሁ፤ ትልቁ 3 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር፣ ትንሹ 2 ሜትር ከ40 በ3 ሜትር።

የመጀመሪያ ስሕተቴ ሶፋ ነው። ቤት የያዘ ሰው ሶፋ ይገዛል ተብሎ ስለሚታመን እኔም በዱቤ ሙሉ ሶፋ ገዛሁ፤ ባለ ሦስቱ፣ ባለ ሁለቱ፣ ባለ አንዱ፣ መካከል ላይ የሚቀመጠው የመስተዋት ጠረጴዛ ጭምር። አራት ወዛደር ቀጥሬ አስመጣሁት። ባለ ሦስቱ ሶፋ ከደረጃው መታጠፊያ ሲደርስ ቆመ። በጎኑ ሞከሩት፤ አቆሙት፤ ገለበጡት፤ እግሩን ፈቱት። ቤቱ እምቢ አለ። ሶፋዬ ከታች በረንዳው ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሦስት ቀን አደረ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ «ይሸጣል ወይ?» ይለኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ሸጥሁት፤ ዕዳውን ግን እስከ ዓመት ከፈልሁ።

ያን ሰሞን ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ደረጃው ውለታ እንደዋለልኝ ተረዳሁ። ያ ሶፋ ቢገባ ኖሮ ክፍሌ የሺህ ሰዎች ክፍል ይሆን ነበር። በሄድሁበት ቤት ሁሉ የማገኘውን ነው የማስገባው፤ ሶፋው፣ ቡፌው፣ የላስቲክ አበባው፣ የማያገለግሉ የሻይ ስኒዎች የተደረደሩበት መስተዋት። ማን እንደሚኖርበት፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚወድ የማይናገር ቤት።

* * *

ሁለተኛው ስሕተቴ ከፊተኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም በእውቀት የተሠራ ነው።

ሶፋው ካልሆነ «ባህላዊ» አደርገዋለሁ አልሁ። ከእናቴ ቤት አሮጌ እንስራዋን ለምኜ አመጣሁ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በመስኮቱ አጠገብ በትንሽ በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት። ከላዩ ሰበዝ አኬሌዳ፣ ከጎኑ ምንም የማይቀርብበት ትንሽ ሞሰብ። ፎቶ አነሣሁት። ወዳጆቼ አደነቁት።

እናቴ ልትጠይቀኝ ከእንጅባራ መጣች። ደረጃውን በዝግታ ወጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቤቱን መርቃ ተቀመጠች። ቀጥሎ ተነሥታ ወደ እንስራው ሄደችና እጇን አስገባች። ደረቅ ነው። በአውንጊ «ውኃ የለም እንዴ እዚህ አገር?» አለችኝ። አለ እንጂ አልኋት። «ታዲያ ምን አጠፋ?» አለች። እንስራውን ማለቷ ነው። ለጌጥ ነው አልኋት። ዝም አለች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም አለች። በመጨረሻ «ልጄ፣ እንስራ የሚደርቀው ባለቤቱ ሲሞት ነው» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ እናቴ ተኝታ እኔ እንቅልፍ አጥቼ ብዙ አሰብሁ። እኔ እናቴን አከብራለሁ ብዬ ዕቃዋን እንደ ቅርስ አስቀመጥሁት፤ እርስዋ ግን በልጇ ቤት ውስጥ የራሷን መታሰቢያ አየች። በሕይወት እያለች! ሶፋው ቤቴን ማንነት አልባ ሊያደርገው ነበር፤ የእኔ «ባህላዊ ጥግ» ደግሞ ሙዚየም አደረገው። ሁለቱም ሰው የማይኖርባቸው ናቸው።

* * *

እኛ ጎጃሞች የቅኔ አገር ልጆች ነን ማለት እንወዳለን፤ ዋሸራንና ጎንጅን እንጠራለን። እኔ የቅኔ ተማሪ አልነበርሁም፤ በትርፍ ጊዜዬ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከሰምና ወርቅ ነው።

ሰሙ ላይ ላዩን የሚነገረው ነው፤ ወርቁ ከውስጥ የተሰወረው። ወርቅ የሌለው ቅኔ ተራ ወሬ ይሆናል። ሰሙ ያልቆመ ቅኔ ደግሞ ወርቁን የሚያፈስበት ቅርጽ ያጣል፤ አንጥረኛም ያለ ሰም ወርቁን ቅርጽ አያስይዝም። ዕቃም እንዲሁ ነው እላለሁ። የዕቃ ሰሙ አገልግሎቱ ነው፤ ይቀመጡበታል፣ ይጠጡበታል፣ ያነቡበታል። ወርቁ ደግሞ የተሸከመው ትዝታ፣ የመጣበት እጅና አገር ነው። የእኔ ሶፋ ሰም ብቻ ነበር። የደረቀው እንስራ ወርቅ ብቻ ነበር። በጠባብ ክፍል ውስጥ ለሁለቱም ቦታ የለም። ሰምም ወርቅም ያለው ዕቃ ግን ከየትም ይምጣ ከየት ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል። የቀለም መመሳሰል፣ የዘመን አንድነት፣ የአገር አንድነት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ቤቶች በአገራችን አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ጥቂቶቹን አብረን እንጎብኝ።

ጎንደር እንሂድ። በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ፋሲል የጀመሩትን ግቢ ያየ ሰው የሕንድንም፣ የዐረብንም፣ የአውሮፓንም እጅ በድንጋዩ ላይ ያነባል። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ደግሞ በዝሆን ጥርስና ከቬኒስ በመጣ መስተዋት ያጌጠ እንደ ነበር ይተረካል። ይሁንና ያን ሁሉ አይቶ ጎንደርን የሌላ አገር ከተማ ነው የሚል የለም። የመጣው ሁሉ ጎንደሬ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ሐረር እንሻገር። የሐረሪ ቤት ሳሎን «ነደባ» በሚባሉ አምስት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች የተከፈለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ግድግዳው ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ ስፌቶች፣ ከስፌቶቹ ጎን ከባሕር ማዶ በንግድ የመጡ ሳሕኖች፣ ወለሉ ላይ የምሥራቅ ምንጣፍ። የመደቡ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ያስታውሳል ይባላል። በር ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለች ያመለክታል ይላሉ። ልብ በሉ፤ ያ ምንጣፍ ከሩቅ አገር የተሸመነ ነው፤ የሚናገረው ግን በሐረሪ ቋንቋ ነው። ሲቀመጡበት ሰም፣ ሲሰቀል ወርቅ!

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዛሬው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን የጣልያን እንደራሴ ተቀመጠበት፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ነው። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላም ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ከሕዝቡ ባህላዊ ዕቃዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይጎበኛል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ከደጅ ያለው ነው። ጣልያኖች የፋሺስትን የሥልጣን ዓመታት በደረጃ ቆጥረው፣ ወደ ላይ የሚሽከረከር የሲሚንቶ ሐውልት አቆሙ። ድል በሆነ ጊዜ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር። አላፈረሱትም። ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። አበቃ። አሁን የፋሺስት ዓመታት ሁሉ የእኛ አንበሳ መቆሚያ ናቸው።

ይህን ነው እኔ ጉራማይሌ የምለው! ባዕዱን ነገር ሳይፈሩ፣ ሳያመልኩም፣ የራስን አንበሳ ከላዩ ማስቀመጥ።

የእኛው ዳንግላም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ሮበርት ቺስማን የተባለ እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ኖሯል። በበቅሎ እየተጓዘ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ አጥንቶ ካርታ ሠርቷል፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍም ከዚያ ኑሮና ጉዞ የተወለደ ነው። መኪና ባልደረሰበት አገር እያንዳንዱ የውጭ ዕቃ በጋማ ከብት ጀርባ ተጭኖ ሲገባ ይታየኛል። ለንደን የተሠራ መብራት ከዳንግላ ገበያ በተገዛ ማር ጎን ሲበራ ይታየኛል። ከዚህች ትንሽ ከተማ ክፍል ውስጥ ዓለም ሲቀላቀል እንግዲህ የእኔ ቤት የመጀመሪያው አይደለም።

ገጣሚ ነኝ ባይ ሁሉ ደግሞ ፓብሎ ኔሩዳን ማስታወስ አለበት። ቺሊያዊው ባለቅኔ በኢስላ ኔግራ፣ በቫልፓራይሶና በሳንቲያጎ የነበሩትን ሦስት ቤቶቹን ከመርከብ አፍንጫ በተነቀሉ የእንጨት ሐውልቶች፣ በባለቀለም ጠርሙሶችና በባሕር ዛጎሎች ሞልቷቸው ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ የሳንቲያጎው ቤቱ ተዘረፈ፤ ተበላሸ። ዛሬ ሦስቱም ቤተ መዘክር ናቸው። ስለ ሽንኩርትና ስለ ካልሲ የውዳሴ ግጥም የጻፈ ሰው ዕቃን ለታይታ አይሰበስብም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለእርሱ ያልተጻፈ ስንኝ ነበር።

* * *

ወደ ሁለቱ ክፍሎቼ ልመለስ፤ እውነተኛው ፈተና የመጣው ከግድግዳው ነውና።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን «ግድግዳውን በሲሚንቶ ላስለስነው፣ ከዚያ ጂብሰም ይሆናል፤ ከተማው ሁሉ እንዲህ እያደረገ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ከሌላ ከተማ ደውሎ መክሯቸዋል። እኔ ተቃወምሁ። የጭቃ ግድግዳ እንደ እንስራ ነው፤ ይተነፍሳል። እንስራ ውኃውን የሚያቀዘቅዘው ላብ ስለሚያወጣ ነው፤ በውጭው ገጽ ላይ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጭቃም በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይመልሳል። በላዩ ሲሚንቶ ከለበጥነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ሲሚንቶው ጠጣር፣ ጭቃው ልል ስለሆኑ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ልባጩ ሆዱን ይነፋል፣ በመጨረሻም ተገንጥሎ ይወድቃል። ከውስጥ ያለው ምሰሶም እርጥበት ታፍኖበት ይበሰብሳል። ለአሮጌ ጭቃ መድኃኒቱ አዲስ ጭቃ ነው፤ በጭድ ተቦክቶ ቀናት ያደረ፣ ከላዩ በስሱ የተለቀለቀ። ይህን ሁሉ በረጅሙ አስረዳሁ።

እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ አንተ ተከራይ ነህ። አሮጌ የምትወደው መውጫ ስላለህ ነው። በየክረምቱ ጭቃ የምታቦካው እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ሲያፈስ ከርሮ ሥር የማስቀምጠውም እኔ ነኝ።»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከርቀት ሆነን ካለቀስነው መካከል እኔ አንዱ ነበርሁ። ያዘንሁት በእውነት ነው፤ አሁንም አዝናለሁ። የአንድ ከተማ ትዝታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደ ሰነድ ሲቀደድ ማየት ያማል። ግን ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ ብዙዎቹን እኔ በመንገድ ሳልፍ ከውጭ ያየኋቸው ናቸው። በውስጣቸው የሚፈስስ ጣሪያ፣ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፣ በአንድ ክፍል ስድስት ሰው ነበር። ለእኔ ወርቁ ብቻ ታየኝ፤ ለነዋሪው ሰሙ ረግፎ ነበር። ያለ ሰም ወርቅ አይቆምም ያልሁት ለዕቃ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ቅርስ ይጠበቅ የሚል ሰው በመጀመሪያ ቅርሱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ደረቅ መኝታ እንዲያገኝ መጮኽ አለበት። አለበለዚያ እኛ የቅርስ ወዳጆች እንስራውን አድርቀን ፎቶ የምናነሣ ሰዎች ነን።

ስለዚህ ከእማማ ጋር ተዋዋልን። የቆርቆሮውን ቀዳዳ እኔ በወጪዬ አስደፈንሁ። ማጀቱ፣ ጭስና ውኃ የሚበዛበት ስለሆነ፣ እንደ ፈለጉት በሲሚንቶ ተለሰነ። የእኔ ሁለት ክፍሎች ግን በጭቃ ይቆያሉ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጭቃውን የማቦካው ደግሞ እኔ ነኝ። የባንክ ጸሐፊ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ የሰፈሩ ልጆች እንደ ቴአትር ያዩኛል። እማማ ከበረንዳው ሆነው «ጭድ ጨምር!» ይሉኛል። አሁን ተከራይ ብቻ አይደለሁም ብዬ አስባለሁ፤ ቢያንስ ስለዚያ ግድግዳ ለመናገር መብት አግኝቻለሁ።

* * *

ዛሬ ባልደረባዬ ጉራማይሌ ያለው ክፍል ይህን ይመስላል።

ሁለት የቀርከሃ ወንበሮች አሉ። በእንጅባራ መንገድ ዳር ከሚሠሩት ገዛኋቸው። ሠሪው ያስተማረኝን ላካፍላችሁ፤ ቀርከሃ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል፤ በበጋ የተቆረጠ ደግሞ ከክረምቱ ይበልጥ ይቆያል። የእኔዎቹ በደረጃው መታጠፊያ ሲያልፉ ማንንም አላስቸገሩም። ከአዲስ አበባ ዕቃ ማምጣት በከበደባቸው፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ በሰነበተባቸው ወራት፣ አጠገባችን ያለውን የማየት ዕድል አገኘን፤ ይህም ከክፉው ጊዜ የተገኘች ትንሽ ትርፍ ናት።

በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የእማማ ሟች ባለቤት የነበረ ሬዲዮ አለ። የሰፈሩ ጠጋኝ አስነሥቶታል፤ ጧት ጧት ዜና እሰማበታለሁ። እማማ ድምፁን ከታች ሲሰሙ ምን እንደሚያስቡ አልጠየቅኋቸውም። መደርደሪያውን አናጢ የሠራው ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ነው፤ በአንዱ ጣውላ ላይ የባዕድ አገር ፊደል እስከ ዛሬ ይነበባል። ፍቅኝ አላልሁትም፤ ከላዩ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተቀምጧል። ይኸም እንደ ስድስት ኪሎው አንበሳ መሆኑ ነው።

ኮርቻው የአጎቴ ነው። በአዊ ምድር ለተወለደ ሰው ፈረስ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ፈረስ በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያስባል። አጎቴ ቤቱ ሲጠበው ኮርቻውን እኔ ዘንድ አኖረ፤ «አደራ፣ ቆዳውን ቅባው» ብሎኛል። ዓመቱን ሙሉ ክፍሌ ጥግ በእንጨት ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጥር ሲገባ አጎቴ መጥቶ ይወስደዋል። ያኔ ጥጉ ባዶ ይሆናል፤ ቤቱም የጎደለበት ያስታውቃል። ከበዓሉ በኋላ ሲመለስ ግን የፈረስ ላብ፣ የአቧራና የሣር ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ለሳምንት ያህል ክፍሌ ሜዳ ሜዳ ይሸታል። ከዚህ የበለጠ የቤት ጌጥ አላውቅም። ምክንያቱም ሄዶ ይመለሳል።

እንስራውስ? ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ በዚያው ቦታ። አሁን ግን ውኃ አለበት። ከሥሩ ሳሕን አድርጌለታለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ላቡ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። እናቴ በመጨረሻ የመጣች ጊዜ ደረጃውን ወጥታ፣ ቤቱን መርቃ፣ ቀጥ ብላ ወደ እንስራው ሄደች። ቀዳች። ጠጣች። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ የማንም መጽሔት ፎቶ እንዲመስል አትድከም። በሁለት ክፍል ውስጥ ዓለምን ማስገባት ይቻላል፤ የገባው ሁሉ ሥራ ካለውና ታሪክ ካለው። የማይሠራውን አስጠግን፤ ታሪክ የሌለውን አብረኸው ኑርና ታሪክ ስጠው። «ጉራማይሌ ነው» ቢሉህ አመስግን። የአያቶቻችን ሳቅ እንዲያ ነበርና።

በትንሽ ግጥም ልሰናበት።

ኮርቻዬ በጥር ወር ሄዶ ይመለሳል፣
የፈረሱን ላቦት ግድግዳው ይልሳል፣
እንስራው ጠብ ጠብ ሲል ሌሊቱ ይርሳል፣
ያልደረቀ ነገር ሰውን ያስታውሳል።

አንድ ዓይነት አትሁኚ ቤቴ ሆይ አደራ፣
ከጥቁሩ ድድ ጋር ቀዩም ተራ ይሥራ፣
እንግዳው ሲገባ ከበሩ ሲጣራ፣
ዕቃው ይመልስለት ስሙን እየጠራ።

ቸር እንሰንብት።